ካርድ የት ነው የሚወጣው?

ወጥ ቤቱ ተቀብቶ ባለቀ ማግስት እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመለሰች። ነጠላዋን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆመች። ግራ አየች፣ ቀኝ አየች፣ ጣሪያውን አየች። ከዚያ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ሽጉጥ አድርጋ፣ «ካርድ የት ነው የሚወጣው?» አለችኝ።

ሳቅሁ። ሳቄ ግን ብዙም አልቆየ። ልክ ነበረች። ሁለት ቀን ሙሉ ወገቤ እስኪቆረጥ የለፋሁበት ወጥ ቤት ቁርጥ ጤና ጣቢያ ሆኗል። ጥግ ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር ቢኖር ሰው ተራ ይዞ ይቀመጥበት ነበር። የቀረው ነገር «እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ» የሚል ፖስተር ብቻ ነው።

ስልኬ ላይ ያስቀመጥኩት ፎቶ እንዲህ አይደለም። ፎቶው ላይ ያለው አረንጓዴ ለስላሳ ነው፤ አመድ ነካ ያደረገው፣ ዓይን የሚያሳርፍ። መሳቢያዎቹ የነሐስ እጀታ አላቸው። መስኮቱ ሥር ሸክላ ላይ የተተከለ ቅጠል አለ። «ሴጅ ግሪን» ነው የሚሉት። ቲክቶክ ላይ አንዴ ቆም ብዬ ካየሁት በኋላ ስልኬ ሌላ ነገር ማሳየት አቆመ። አንድ ዓመት ስቋምጥ ኖሬ አንድ ቀን እዚሁ ጎንደር ፒያሳ ወጣሁና አንዱ ቀለም መሸጫ ገባሁ። የአውራ ጣት ጥፍር በምታህል ናሙና ላይ ጣቴን አሳረፍኩ። «ይቺን።» ሁለት ጋሎን ኦይል ቀለም። ሻጩ «እርግጠኛ ነሽ?» እንኳ አላለኝም። ቢለኝም አልሰማውም ነበር።

ለምን እንዳልሆነልኝ ለማወቅ ወራት ፈጀብኝ። አሁን ቀለም ልግዛ የሚለኝን ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው፣ «መስኮትሽ ወዴት ይዞራል? ድስትሽ ውስጥስ ምን አለ?» ብዬ ነው። ሰዎች ያበድኩ ይመስላቸዋል።

እናቴ ያቺን ነገር ስትል መቀለዷ ብቻ አልነበረም። እሷ በምታውቀው ዓለም አረንጓዴ ኦይል ቀለም የመንግሥት ነው። የትምህርት ቤት ግድግዳ ከወገብ በታች አረንጓዴ፣ ከወገብ በላይ ክሬም። ቀበሌውም እንዲሁ፣ ጤና ጣቢያውም እንዲሁ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የተራ ጠባቂ ጀርባና የልጅ እጅ የሚያርፈው ከወገብ በታች ነው፤ ኦይል ቀለም ደግሞ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ምንም ውበት አልታሰበበትም። እኔን አዝላ ለክትባት የተሰለፈችው እዚያ ግድግዳ ሥር ነው። አሁን ደግሞ በስተርጅና ሽንኩርት የምትልጥበት ቦታ ላይ አመጣሁባት።

የሆስፒታል አረንጓዴ ግን ከየት እንደመጣ ሳነብ አንድ ነገር ገባኝ። ድሮ የቀዶ ሕክምና ክፍል ነጭ ነበር። ሐኪሙ ደም ላይ አቀርቅሮ ቆይቶ ቀና ሲል ነጩ ግድግዳ ዓይኑን ይወጋዋል፤ አረንጓዴ ጥላም ይንሳፈፍበታል። ራሳችሁ ሞክሩት፤ ቀይ ነገር ላይ ግማሽ ደቂቃ አፍጥጣችሁ ነጭ ወረቀት እዩ። እ.ኤ.አ. በ1914 ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ ሃሪ ሸርማን የሚባል ቀዶ ሐኪም ክፍሉን የስፒናች አረንጓዴ አደረገው። የደም ቀይ ተቃራኒ ስለሆነ የሐኪሙ ዓይን ያርፍበታል ብሎ ነው። ስፒናች የቆስጣ ዘመድ ነው። ሰውዬው ክፍሉን ቆስጣ ቀባው በሉት።

እኔ ቤት ደም የለም። በርበሬ ግን አለ። የኛ ወጥ ቤት ከላይ እስከ ታች ቀይ ነው፤ የበርበሬው ዕቃ፣ ቁሌቱ፣ የዶሮው ድስት፣ የሸክላው ምድጃ፣ የማማሰያው ጫፍ። አረንጓዴ ጎን የተቀመጠ ቀይ ደግሞ ይብስ ይቀላል። ስለዚህ አረንጓዴው ራሱ ስህተት አልነበረም። የፈረንጆቹ ፎቶ ላይ ያለው ቤት ግን ቁሌት አይቁላላበትም። እነሱ ጋ አረንጓዴው ብቻውን ነው የሚያወራው። እኔ ጋ ከበርበሬ ጋር ነው የሚከራከረው። ለክርክር ደግሞ የሚጮህ አረንጓዴ ከተመረጠ ቤቱ ገበያ ይሆናል።

ወደ ናሙናዋ ልመለስ። የቀለም ቤቱ መብራት ነጭ ነው፤ ያ ሰማያዊ ነካ የሚያደርገው ዓይነት። የጥፍር ያህል ቀለም እዚያ መብራት ሥር ጨዋ ነው የሚመስለው። አራት ግድግዳ ላይ ሲሆን ግን ጨዋነቱን ይረሳል። አንዱ ግድግዳ ሌላው ላይ አረንጓዴ ብርሃን ይወረውራል፣ ያኛውም ይመልሳል። ጠባብ ክፍል ውስጥ ቀለም በራሱ ላይ ይጨምራል። የኔ ወጥ ቤት በሦስት ሜትር ከሁለት ሜትር ተኩል ነው። ቡናው ራሱ አረንጓዴ ሆኖ ይቀዳ ነበር ብል ማጋነን ነው፤ የነጩ ሲኒ ጥግ ግን በእውነት አረንጓዴ ሆኖ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። የሰው ዓይን በቀን ብርሃን ከሁሉ አብልጦ የሚነቃው ለቢጫ አዘል አረንጓዴ ነው። የመንገድ ሠራተኞች ሰደርያ እንደዚያ የሆነው ለዚህ ነው፤ ከሩቅ ይጠራል። መንገድ ላይ ይህ ጥሩ ነው። ጠዋት ተነስቼ ሻይ ሳፈላ ግን ማንም ከሩቅ እንዲጠራኝ አልፈልግም።

እንግዲህ ስለ ስሙ። ቀለም ቤት ገብታችሁ «አረንጓዴ» ስትሉ ካታሎግ ይወጣል። ካታሎጉ ላይ ቁጥርና የፈረንጅ ስም አለ። የኔ ችግር የጀመረው እዚህ ጋ ይመስለኛል። ለከብትና ለፈረስ መልክ ዳማ፣ ቡላ፣ ዳለቻ እያልን እንለያለን፤ አረንጓዴ ላይ ስንደርስ ግን በአንድ ቃል እንዞራለን። ቃሉ ጠፍቶ አይደለም። ከቅጠሉ ጋር ተጣብቆ ቀርቶ ነው። «የጎመን» ብትሉ ሁሉም ያውቀዋል፤ «የለጋ ባህር ዛፍ» ብትሉም እንዲሁ። ካታሎጉን ዘጋሁና ቅዳሜ ገበያ ወረድኩ።

አንድ ሰዓት ያህል ዞርኩ። ምንም ሳልገዛ ቅጠል እያገላበጥኩ ስሄድ አንዷ ሴትዮ «እታለም፣ ልትገዢ ነው ልትመርቂው?» አለችኝ። አፍሬ ቃሪያ ገዛሁ።

ቃሪያ ይጮሃል። ቢጫ አለበት፣ ያብረቀርቃል፣ ሰሃን ላይ ሲያዩት ያስጎመጃል። ግድግዳ ላይ ግን ሁለት ቀን አያስቀምጥም። የኔ ጤና ጣቢያ የቃሪያ ቤተሰብ ነው። የአበሻ ጎመን ሌላ ነው። ጠቆር ብሎ ሰማያዊ ያዘለ ነው፤ ውሃ ሲነካው ጠብታው እንደ ዶቃ ይንከባለልበታል። ደረቅ ጌሾ ወደ ቡናማ አዘንብሏል፤ ጥንስስ ያላየ ሰው አረንጓዴ ነው ብትሉት አያምናችሁም። በሶብላ ከሥሩ ሐምራዊ ይሰርቃል።

ባህር ዛፍ ላይ ስደርስ ቆምኩ። አንዷ ልጅ የቅጠል ሸክም አውርዳ አረፍ ብላለች። የሽማግሌው ዛፍ ቅጠል ረጅምና ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ እሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከሥር የሚያቆጠቁጠው ለጋው ግን ክብ ነው። ሰማያዊ አመድማ ነው። ላዩ ላይ ዱቄት የመሰለ ነገር አለበት፤ በአውራ ጣቴ ሳሸው ዱቄቱ ተነስቶ ከሥሩ ሌላ አረንጓዴ ወጣ። ስልኬን አውጥቼ ፎቶዬን አጠገቡ አደረግኩት። እሱው ነው! ዓመት ሙሉ የቋመጥኩለት፣ ዓለም «ሴጅ ግሪን» እያለ የሚያብድለት ቀለም የለጋ ባህር ዛፍ ቅጠል ነው። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ምጣድ ሥር ስትማግደው የኖረችው።

ቤት ገብቼ ስነግራት፣ «ታዲያ ለዚህ ነው ዓመት ሙሉ ስልክ ላይ የተደፋሽው?» አለች።

እናቴ በመሠረቱ ወጥ ቤት ቀለም ያስፈልገዋል ብላ አታምንም። ጓሮ ያለው የድሮው ማድ ቤት አሁንም አለ። መብራት ሲጠፋ እንጀራ የሚጋገረው እዚያ ነው። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ጠቀርሻ ነው። ጥቁር ሲባል ተራ ጥቁር እንዳይመስላችሁ፤ የሚያብረቀርቅ፣ እንደ ቫርኒሽ የጠነከረ ጥቁር ነው። የሠላሳ ዓመት ጭስ ነው የቀባው። እዚያ ውስጥ አረንጓዴ ቢቀባ አንድ ክረምት አይሻገርም። ለወጥ ቤት ቀለም መምረጥ ራሱ ኤሌክትሪክ ምጣድ ያመጣው ችግር ነው። ጭሱ ሲሄድ ግድግዳው ታየን፤ ሲታየን አፈርንበት።

ግን እዚህ ላይ ከእናቴ ጋር አልስማማም። አረንጓዴ ቤታችን ውስጥ ሁሌም ነበር። ወለሉ ላይ ነበር። በዓል ሲመጣ ቄጠማ ይጎዘጎዛል። ቡና ሲፈላ ከረከቦቱ ሥር ሳር ይነሰነሳል። መስከረም 1 ቀን ልጆች እርጥብ ይዘው ይመጣሉ። እቤት ውስጥ ጭስና ጭቃ ቀለም ብቻ በነበረበት ጊዜ ሰው አረንጓዴን ከሜዳ አጭዶ እያመጣ ያነጥፍ ነበር። በማግስቱ ይጠወልጋል፣ ይጠረጋል። ሽታው ግን እስከ ማታ ይቆያል። ጉዝጓዙን ስለምንወድ ነው ግድግዳችንን አረንጓዴ የምናደርገው እያልኩ አይደለም። ግን አንድ ቀን ታይቶ የሚጠረግ አረንጓዴና አሥር ዓመት የሚታይ አረንጓዴ አንድ ዓይነት መሆን የለባቸውም። ቄጠማ ቢጮህ ያምርበታል፤ በማግስቱ ስለሚሄድ።

ቀለሙን በቃሌ ይዤ ከገበያ ከተመለስኩ በኋላ የሠራሁት ብልህ ሥራ አንድ ብቻ ነው። የካርቶን ቁራጮች ወስጄ አምስት ዓይነት አረንጓዴ ቀባሁባቸው። እያንዳንዱ የሰፌድ ያህል ነው። ግድግዳው ላይ ለጥፌ ሳምንት ተውኳቸው። እናቴ «ልብስ ይመስል ልትለኪው?» አለች። አዎ፣ ልክ እንደሱ።

የጎንደርን ብርሃን የማያውቅ ሰው ይህን ቅንጦት ሊለው ይችላል። እኛ ከፍታ ላይ ነን፤ ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ። በበጋ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ቀለምን ትልጣለች። አምስቱም ካርቶኖች ቀትር ላይ አንድ ዓይነት ገርጥተው ነበር። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ለጋው ባህር ዛፍ ሰማያዊ ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የምዕራቡ ፀሐይ ከጎረቤት ቆርቆሮ ተንጸባርቆ ሲገባ ያው ካርቶን ወርቅማ ሆነ። ማታ ነጩ አምፖል ሲበራ ደግሞ ልክ የሞተ ዓሣ። አምፖሉን ቀየርኩት። የአምፖሉ ማሸጊያ ላይ 6500 ኬልቪን የሚለው ነጩ ነው፤ 3000 የሚለው ቢጫው ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ይሞቃል፤ ይህን ማን እንደፈለሰፈው እንጃ፣ ያምታታል። ቢጫው አምፖል ሥር ባህር ዛፉ ነፍስ ዘራ። መብራት ሲጠፋ በሻማ አየሁት፤ በሻማ ሁሉም አረንጓዴ ጌሾ ነው።

የኔ መስኮት ወደ ሰሜን ይዞራል። ብዙ ሰው የሰሜን መስኮት ፀሐይ አያይም ይላል፤ ያ የፈረንጅ አገር ነገር ነው። ጎንደር ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለሆነች ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ቀትር ላይ ፀሐይዋ በስተሰሜን ነው የምታልፈው። ችግሩ ያን ጊዜ ክረምት ይገባል። ስለዚህ ወጥ ቤቴ ፀሐይ የሚደርሰው ሰማዩ በደመና ሲሸፈን ነው። የኔ ዕድል እንዲህ ነው። በጋውን ሙሉ ደግሞ ቀዝቃዛ የሰማይ ብርሃን ብቻ ያገኛል። ቀዝቃዛ ብርሃን ላይ ሰማያዊ አዘል አረንጓዴ መቀባት በብርድ ላይ በረዶ ነው። የቋመጥኩለት ባህር ዛፍ በዚህ ወደቀ። ለደቡብ መስኮት ይሆን ነበር። አለቀስኩ ማለት ይቻላል።

ሁለተኛውን ቅብ የሠሩልኝ ቀለም ቀቢ ሽማግሌ ናቸው። «ጋሼ» ነው የምላቸው። ግድግዳውን አይተው፣ «ልጄ፣ ይሄን ማን ነው የሠራው?» አሉ። «እኔ ነኝ» አልኳቸው። ዝም አሉ። ጨዋ ሰው ናቸው።

በኦይል ቀለም ላይ ፕላስቲክ ቀለም እንዲሁ አይያዝም። ጋሼ ግድግዳውን በብርጭቆ ወረቀት አሻከሩት፤ አቧራውን ጠረጉ፤ ፕራይመር መቱበት። እኔ ይህን ሳላውቅ ብቀባው ኖሮ በወሩ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳ ነበር። ብርጭቆ ወረቀቱ ላይ ግን አንድ ነገር ልበል። የድሮ ኦይል ቀለም ሲፋቅ አቧራው ቀላል ነገር አይደለም። ደማቅ ቢጫ፣ ቀይና አረንጓዴ ኦይል ቀለሞች ውስጥ ለዘመናት ሊድ ይገባ ነበር፤ እርሳስ የምንለው ብረት ማለቴ ነው። ክሮም አረንጓዴ የሚባለው ከቢጫው የሊድ ቀለምና ከፕሩሲያ ሰማያዊ ተደባልቆ የሚሠራ ነው። ሊድ በልጆች አእምሮ ላይ ጉዳት ያደርሳል። የአገራችን ደንብ በቀለም ውስጥ ያለ ሊድ ከሚሊዮን እጅ 90 እጅ እንዳይበልጥ ይከለክላል። ስትገዙ ጣሳው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ድሮ የተቀባ ግድግዳ ስታስፍቁ ደግሞ ልጆችን አውጡ፤ አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ ውሃ እየነካችሁ ፋቁ። አረንጓዴ ክፉ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1775 ካርል ሼሌ የተባለ ስዊድናዊ የኬሚስትሪ ሰው ከመዳብና ከአርሰኒክ የሚያምር አረንጓዴ ሠራ። አውሮፓ በግድግዳ ወረቀት አድርጎ ቤቱን ሞላው። አርሰኒክ መርዝ ነው፤ ሰዎች በገዛ ግድግዳቸው ታመሙ።

ወደ ጋሼ ባልዲ ልመለስ። ይቺን ደቂቃ መቼም አልረሳትም።

ነጭ ፕላስቲክ ቀለም ባልዲ ውስጥ አለ። አረንጓዴ ማቅለሚያ ጠብ ጠብ አደረጉበት፤ በእንጨት አዞሩት። ወጣ፤ ቃሪያ ሆኖ ወጣ። ሆዴ ባር ባር አለ። ትንሽ ቢጫ ጨመሩ። ይባስ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ያው ነው» አልኩ። «ቆይ» አሉ። የቀይ ማቅለሚያውን ክዳን ከፈቱና የእንጨቱን ጫፍ ብቻ ነከሩት። ባልዲው ውስጥ ሲያስገቡት ቀዩ ቅቤ ላይ እንደወደቀ በርበሬ ክር ሠርቶ ዞረ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ከዚያ ጠፋ። ቀዩ ሲጠፋ የአረንጓዴውን ጩኸት ይዞት ሄደ። ዓይኔ እያየ ቀለሙ ረጋ። «አረንጓዴ ብቻውን ሲሆን ይጮሃል» አሉ ጋሼ፣ «ቀይ ጣል ሲያደርጉበት አፉን ይይዛል።»

ሳንፍራንሲስኮ ያለው ሐኪም ቀይና አረንጓዴን ጎን ለጎን አስቀምጦ አስታረቀ። ጋሼ አንዱን ውስጥ ሌላውን ጨመሩ። ሁለቱም የሚያውቁት ያንኑ ነገር ነው፤ አንዱ በመጽሐፍ፣ አንዱ በባልዲ።

እናቴ በዚህ መሃል ሰፌድ ይዛ መጣች። ጥሬ ቡና እየለቀመች ነው። ባልዲውን አየት አደረገችና፣ «ቡና ይመስላል» አለች። «ምኑ?» «ቀለሙ ነዋ!» ከሰፌዱ አንድ ፍሬ አንስታ ሰጠችኝ። ጥሬ ቡና አረንጓዴ ነው ብለን አናስበውም፤ ወዲያው ስለምንቆላው ይሆናል። በደንብ እዩት ግን። ከላይ ብራማ ልጣጭ ቀርቶበታል። ከሥሩ ግራጫ ያዘለ፣ ወይባ የነካው፣ የደረቀ አረንጓዴ ነው። መሃሉ ላይ ያለው ስንጥቅ ይነጣል። ስታጥቡት ጠቆር ይልና ሲደርቅ ይመለሳል። ፍሬዋን ባልዲው ጠርዝ ላይ አስቀመጥኳት። ቀለሙ ትንሽ ይጠቁራል እንጂ እሷው ነበረች። ጋሼ ከነጩ ላይ ጨመር አድርገው፣ ካርቶን ላይ ቀብተው እስኪደርቅ ጠበቁ። ፕላስቲክ ቀለም እርጥብ ሲሆን የሚታየውና ሲደርቅ የሚታየው አንድ አይደለም፤ ሲደርቅ ጠቆር ይላል።

ግድግዳው እንግዲህ ጥሬ ቡና ሆነ።

ካቢኔቱ ሌላ ታሪክ ነው። የሠራልኝ ሰው በሁለት ሳምንት ብሎ በሦስተኛው ወር አመጣው፤ እሱ የራሱ ጽሑፍ ይፈልጋል። የታችኛውን ካቢኔት ወይራ አደረግነው። የወይራ ቅጠል ሁለት ፊት አለው፤ ላዩ ጥቁር አረንጓዴ፣ ጀርባው ቢጫማ። የላዩን ወሰድን። እጅና ጉልበት የሚነካው፣ ዘይት የሚፈናጠቅበት እሱ ስለሆነ በኦይል፣ ግን በማያብረቀርቀው ዓይነት። የላይኛው መደርደሪያ እንጨቱ እንዳለ ቀረ። ምድጃው ጀርባ ነጭ ሴራሚክ ነው፤ የበርበሬ ፍንጣሪ ላይ ማንም ቀለም አይችልም፤ እዚያ ላይ ለፍልስፍና ቦታ የለም።

ጠቆር ያለው ከታች፣ ፈካ ያለው ከላይ። ይህን ከየት አመጣሽው ብትሉኝ ከፋሲል ግቢ ነው። ክረምት ሲያልቅ ግቢው ውስጥ ዞር ብላችሁ እዩ። ግንቡ ከሥሩ የድንጋይ ሽበትና እርጥበት ይዞ ጠቁሯል፤ ወደ ላይ ሲወጣ ይደርቃል፣ ይፈካል። መስኮቶቹ ቅስት ላይ ቀላ ያለ ድንጋይ አለ። በመስከረም ሳሩ ግንቡ ሥር ሲያድግ ያ ቀላ ያለ ድንጋይ በበጋ ከሚታየው ይልቅ ጎልቶ ይወጣል። ድንጋዩ አልተቀየረም። ጎረቤቱ ነው የተቀየረው።

ከአንዱ አረንጓዴ ወደ ሌላው እንዴት እንደሚታለፍም የከተማችን ሠዓሊዎች ያውቁበት ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከእቴጌ ምንትዋብ ዘመን ጀምሮ በተሣሉት ሥዕሎች ላይ ከቅዱሳኑ ኋላ ያለው ቀለም ከቢጫ ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ቀይ ቀስ እያለ ይሸጋገራል። ድንገት የሚቆረጥ መስመር የለም። ወጥ ቤቴን ከሥዕል ጋር ማወዳደሬ ድፍረት ነው፤ ይቅር በሉኝ። ግን ወይራና ጥሬ ቡና አብረው የሄዱት ሁለቱም ውስጥ ቢጫ ስላለ ነው። የቋመጥኩለትን ባህር ዛፍ እልህ ይዞኝ አንድ የመሳቢያ በር ላይ ሞክሬው ነበር። ሰማያዊው ብቻውን ቆመ፤ የማያውቁት ሰው ቤት እንደገባ እንግዳ። አጠፋሁት።

ከሁሉም ያላሰብኩት የሞሰቡ ነገር ነው። አሮጌ ሞሰብ አለን፤ አክርማውና አለላው ከመፍዘዙ የተነሳ አውጥተን ልንሰጠው ነበር። ጥሬ ቡናው ግድግዳ ሥር ሲቀመጥ ቀዩ አለላ ተነሳ። እንግዳ የመጣ ሁሉ «አዲስ ነው?» ይላል። እናቴ «አዎ» ትላለች። ውሸቷን ነው፤ ደስ ስላላት ግን ምንም አልልም።

አንድ ሰው ይጠይቀኝ ነበር፣ ታዲያ ከጤና ጣቢያው የቀረ ነገር የለም ወይ ብሎ። አለ። ፍሪጁ ከባድ ነው። ሁለተኛው ቅብ ሲሠራ ወደ መሃል ገፋ አደረግነው እንጂ ሙሉ በሙሉ አላወጣነውም፤ ሮለሩ ጀርባውን አልደረሰበትም። አሁንም እዚያ የሁለት ክንድ ስፋት ያለው የቃሪያ አረንጓዴ ኦይል ቀለም እያብረቀረቀ አለ። የፋሲካ ጽዳት ላይ ፍሪጁን ስንጎትተው ብቅ ይላል።

ባለፈው ተናድጄ በሩን በኃይል ዘግቼ ገባሁ። እናቴ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ቀና ሳትል በቢላዋው ወደ ፍሪጁ ጀርባ አመለከተችኝ።

«ተራሽን ጠብቂ» አለች።